ለዓመታት የተቀመጠ የጌም ማሽን አውጥቶ ዳግም ለመጫወት

ሳጥን ውስጥ የከረመ ኔንቲንዶ፣ ሴጋ ወይም ፕሌይስቴሽን እጅ ሲገባ ቶሎ ሰክቶ ማየት ያጓጓል። ብዙ ደህና ማሽን የሚቃጠለው ግን እዚያችው ላይ ነው። ሃያና ሠላሳ ዓመት ያለ ሥራ የተቀመጠ ማሽን «ሞቷል» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ያሉት ቺፖች ደህና ናቸው። የሚያስቸግሩት ማሽኑን ከውጭ ጋር የሚያገናኙት ክፍሎች ናቸው፤ መብራት የሚሰጠው አዳፕተር፣ ካሴቱ የሚገባበት ጥርስ፣ ዲስኩን የሚያነበው ሌንስ፣ ምስሉን ወደ ቴሌቪዥን የሚያደርሰው ገመድ። ስለዚህ ሥራውን ከውጭ ጀምራችሁ ወደ ውስጥ ግቡ። ቅደም ተከተሉን ከጠበቃችሁ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ችግር ሶልደር ሳይነካ ይፈታል።

ለሥራው የሚያስፈልጉት ነገሮች ጥቂት ናቸው፦ 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል (99 ከተገኘ ይመረጣል)፣ የጆሮ ጥጥ፣ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፣ ነጭ ላጲስ፣ ነጭ አቼቶ፣ ቮልት የሚለካ ቴስተር፣ እንዲሁም ተስማሚ ካቻቢቴ። ካቻቢቴው ላይ ልብ በሉ። የኔንቲንዶና የሴጋ ካሴቶች ብዙውን ጊዜ ጭንቅላቱ ለተለመደ ካቻቢቴ በማይመች ብሎን ነው የታሰሩት፤ ለካሴት 3.8 ሚሊ ሜትር፣ እንደ ሱፐር ኔንቲንዶና ኔንቲንዶ 64 ላሉ ማሽኖች ደግሞ 4.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ልዩ ጫፍ ይፈልጋሉ። የጌም ቦይ ብሎን ሦስት ክንፍ ያለው ነው። ለዚህ ብላችሁ የእስክሪብቶ ቀፎ በእሳት አቅልጣችሁ ብሎኑ ላይ አትጫኑ፤ ጫፉ ርካሽ ነው፣ የተበላ ብሎን ግን ካሴቱን ለዘለዓለም ይቆልፈዋል።

መብራቱ ከሁሉ በፊት

አዳፕተሩን አዙሩና አራት ነገር አንብቡ፦ የሚያወጣው ኤሲ ነው ወይስ ዲሲ፣ ስንት ቮልት፣ ስንት አምፔር፣ ፖዘቲቩ መሃል ነው ወይስ ዳር። ቮልቱ ማሽኑ ከሚፈልገው ጋር እኩል መሆን አለበት። አምፔሩ እኩል ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን ችግር የለም፤ ማሽኑ የሚስበው የሚያስፈልገውን ብቻ ነው። የመሃሉ ፖዘቲቭ ወይም ኔጋቲቭ መሆን በክብ ውስጥ ነጥብ ባለበት ትንሽ ሥዕል ይገለጻል፤ ነጥቡ ወደ የትኛው ምልክት እንደተሳበ ተከትላችሁ እዩ።

ስሙና ጃኩ ተመሳሳይ ሆኖ አዳፕተሩ የተለያየ መሆኑ ነው ብዙ ሰው የሚያሳስተው። በ1983 በጃፓን የወጣው የኔንቲንዶ ፋሚኮም 10 ቮልት ዲሲ፣ 850 ሚሊ አምፔር፣ መሃሉ ኔጋቲቭ የሆነ አዳፕተር ይወስዳል። በ1985 ወደ አሜሪካ የገባው ወንድሙ፣ በተለምዶ ኔስ የሚባለው፣ 9 ቮልት ኤሲ ይወስዳል። ኔስ ውስጡ ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚቀይር ክፍል አለው፤ ፋሚኮም የለውም። የኔሱን አዳፕተር ፋሚኮም ላይ ከሰካችሁ ሊቃጠል ይችላል። ሱፐር ኔንቲንዶም እንዲሁ እንደ አገሩ ይለያያል፤ የጃፓኑና የአሜሪካው 10 ቮልት ዲሲ ሲሆኑ (የአሜሪካው ጃክ ለየት ያለ ነው) የአውሮፓው 9 ቮልት ኤሲ ነው። የሴጋ ሜጋ ድራይቭ የመጀመሪያው ትልቁ ሞዴል መሃሉ ኔጋቲቭ ነው፤ ሁለተኛው ትንሹ ሞዴል መሃሉ ፖዘቲቭ ነው፣ ጃኩም ይጠባል። «የሴጋ አዳፕተር» ብሎ መግዛት ስለማይበቃ የሞዴሉን ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ።

የድሮ ባለ ትራንስፎርመር አዳፕተር፣ ያ ከባዱ ጡብ፣ ማሽን ሳይሰካበት ስትለኩት 10 ቮልት የተባለው 13 ወይም 14 ቢያሳይ አትደንግጡ። ጭነት ሲያገኝ ይወርዳል፣ ማሽኑም ይህንን ታስቦ የተሠራ ነው። ቴስተሩን ዲሲ ላይ አድርጋችሁ ዜሮ ካነበባችሁ ግን ከመጣላችሁ በፊት ኤሲ ላይ ቀይራችሁ ለኩ፤ ምናልባት ኤሲ አዳፕተር ነው የያዛችሁት። ሁለቱም ላይ ዜሮ ከሆነ ገመዱ ከጃኩ አጠገብ ተበጥሶ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ የሚታጠፈው እዚያ ጋ ነውና።

ትልቁ ፕሌይስቴሽን 1፣ ወፍራሙ ፕሌይስቴሽን 2፣ የሴጋዎቹ ሳተርንና ድሪምካስት የመብራት ክፍላቸው ውስጣቸው ነው። ስፒናው በቀላሉ ስለሚገባ ብቻ አትመኑት። ከኋላ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፤ የጃፓን ማሽን 100 ቮልት፣ የአሜሪካ 120 ቮልት፣ የአውሮፓ 220 እስከ 240 ቮልት ይላል። የ100 ወይም የ120 ቮልቱን ማሽን 220 ላይ መሰካት ፊውዙንና የመብራቱን ቦርድ ወዲያው ይጨርሳል፤ አንዳንዴ ዋናው ቦርድም አብሮ ይሄዳል። መፍትሔው 220ን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ነው፤ ማሽኑ ላይ ከተጻፈው ዋት ቢያንስ በግማሽ የሚበልጥ ምረጡ። ለአብዛኞቹ 100 ዋት የሚችል ትራንስፎርመር ሳይጨናነቅ ይሠራል። ትንሹ ነጩ ፒኤስ ዋን ከውጭ 7.5 ቮልት ዲሲ፣ ቀጭኑ ፕሌይስቴሽን 2 ደግሞ 8.5 ቮልት ዲሲ ይወስዳሉ። የቀጭኑ አዳፕተር ከ4 አምፔር በላይ የሚሰጥ ስለሆነ በላፕቶፕ ወይም በራውተር አዳፕተር ሊተካ አይችልም። የቀጭኑ የመጨረሻ ሞዴሎች ደግሞ መብራቱን ወደ ውስጥ አስገብተውታል።

አዳፕተሩ ደህና ሆኖ ማሽኑ ምንም ምልክት ካላሳየ ሁለት ቦታ ፈትሹ። ሱፐር ኔንቲንዶ ውስጥ ከመብራት ማስገቢያው አጠገብ 1.5 አምፔር የሆነች ትንሽ ፊውዝ አለች፤ የተሳሳተ አዳፕተር ሲሰካ መጀመሪያ የምትሄደው እሷ ናት። ነቅሎ በዚያው መጠን መተካት ነው፤ በሽቦ አገናኝቶ ማለፍ በሚቀጥለው ስህተት ቦርዱን ያስበላል። ሁለተኛው 7805 የሚባል ሦስት እግር ያለውና ብረት ላይ የተጣበቀ አካል ነው፤ በኔስ፣ በፋሚኮም፣ በሱፐር ኔንቲንዶና በመጀመሪያው ሜጋ ድራይቭ ውስጥ ይገኛል። የገባለትን ቮልት ወደ 5 ያወርዳል። የቴስተሩን ጥቁር ሽቦ መሃለኛው እግር ላይ አድርጋችሁ ጽሑፉ ወደ እናንተ ሲዞር በስተግራ ያለው ላይ ከ7 ቮልት በላይ፣ በስተቀኝ ያለው ላይ ወደ 5 ቮልት የሚጠጋ ማንበብ አለባችሁ። ግራው ኖሮ ቀኙ ከጠፋ 7805ቱን ቀይሩ፤ ርካሽና በየኤሌክትሮኒክስ ሱቁ የሚገኝ አካል ነው።

ከመክፈት በፊት ማሽተት፣ ከከፈቱ በኋላ ማየት

ባትሪ የሚበላ ማሽን ከሆነ መጀመሪያ የባትሪ ቤቱን ክፈቱ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ብናኝ የባትሪ ፍሳሽ ነው። አልካላይን ባትሪ የሚያፈሰው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ስለሆነ በአሲድ ኃይሉ ይጠፋል፤ የጆሮ ጥጥ በነጭ አቼቶ አርሳችሁ ብናኙ መፍላቱን እስኪያቆም ጥረጉ፣ ከዚያ በአልኮል አጽድታችሁ አድርቁ። ጓንት አድርጉ፣ ዓይናችሁንም ጠብቁ። ፍሳሹ የብረት ስፕሪንጉን አልፎ ወደ ቦርዱ ከገባ ሽፋኑን ከፍታችሁ እስከ መጨረሻው ተከታተሉት፤ ከላይ ንጹሕ መስሎ ከሥር መዳቡን እየበላ ሊቀጥል ይችላል።

ማሽኑን ከፍታችሁ የዓሣ የሚመስል ሽታ ከሸተታችሁ ካፓሲተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክ እያጠራቀመ የሚለቅ ትንሽ አካል፣ አፍስሷል ማለት ነው። በ1990 የወጣው የሴጋ የእጅ ማሽን ጌም ጊር በዚህ ይታወቃል፤ ድምፁ ይጠፋል ወይም ስክሪኑ ይደበዝዛል፤ ፍቱኑ መድኃኒት ካፓሲተሮቹን በሙሉ መቀየር ነው። አንዱን ለይቶ መቀየር ጊዜ ማባከን ነው፤ ሁሉም በአንድ ዕድሜ ላይ ናቸውና። የ2001 የመጀመሪያው ኤክስቦክስ ባለቤት ከሆናችሁ ደግሞ ማሽኑ ቢሠራም ባይሠራም ክፈቱት። ሰዓቱን የሚይዘው ካፓሲተር ዋናው ቦርድ ላይ ያፈስና መስመሮቹን ይበላል። ከመጨረሻው 1.6 ከሚባለው ዓይነት በስተቀር በሁሉም ላይ ነቅሎ ማውጣት ይመከራል። ያለ እሱ ማሽኑ ይሠራል፤ የሚጠፋው ከመብራት ሲነቀል ሰዓቱ ብቻ ነው። የፈሰሰውን ቦታ በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ አጽዱ።

ካሴቱና ጥርሱ

ካሴት ሲያስቸግር እፍ ማለትን ያልሞከረ የለም፤ የሚሠራም ይመስላል። የሚሠራው ግን እፍታው ሳይሆን ካሴቱን አውጥቶ መልሶ መክተቱ ነው። ሲወጣና ሲገባ ጥርሶቹ ይፋተጉና ከላይ ያለው ቀጭን ኦክሳይድ ይነሳል። ከአፍ የሚወጣው እርጥበት ግን እዚያው ይቀርና ከጊዜ በኋላ ዝገት ይሆናል።

ካሴቱን በትክክል ለማጽዳት የጆሮ ጥጡን አልኮል ውስጥ ነክራችሁ ጫፉን ጨምቁት፤ እርጥብ እንጂ የሚንጠባጠብ መሆን የለበትም። በጥርሶቹ ርዝመት፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ጥረጉ። ወደ ጎን መጥረግ ቆሻሻውን በጥርሶቹ መሃል ባሉት ክፍተቶች ውስጥ ይሰገስገዋል። የመጀመሪያው ጥጥ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፣ ሁለተኛው ግራጫ፤ ጥጡ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ቀጥሉ፣ የጥርሱን ሁለቱንም ፊት። ከዚያ በደረቅ ጥጥ አንድ ጊዜ አልፋችሁ አምስት ደቂቃ አቆዩት። እርጥብ ካሴት ሰክቶ ማብራት ሾርት ያስከትላል።

አልኮሉ ያላነሳው ጠቆር ያለ ነጠብጣብ ካለ ካሴቱን ክፈቱና ጥርሶቹን በነጭ ላጲስ በቀስታ ፈትጉ፣ ፍርፋሪውን ጥረጉ፣ በአልኮል ጨርሱ። የብርጭቆ ወረቀት፣ የብረት ሱፍና የብረት ማጽጃ ክሬም አትጠቀሙ። ጥርሶቹ ላይ ያለው የወርቅ ቅብ እጅግ ስስ ነው፤ አንዴ ከተፋቀ ከሥሩ ያለው መዳብ ይወጣና በየወሩ ይዝጋል። ያኔ ካሴቱ ለጥቂት ቀን ከበፊቱ በተሻለ ይሠራል፣ ከዚያ በኋላ ለማስተካከል አይመችም።

ሁሉም ካሴት ንጹሕ ሆኖ ማሽኑ አሁንም ካላነበበ ችግሩ ማሽኑ ውስጥ ያለው መቀበያ ነው። የኔስ ቀይ መብራት በሰከንድ አንድ ጊዜ ገደማ እየበራ የሚጠፋው ለዚህ ነው። ማሽኑና ካሴቱ ውስጥ እርስ በርስ የሚተዋወቁ ሁለት ቺፖች አሉ። በጥርሶቹ በኩል መነጋገር ሲያቅታቸው የማሽኑ ቺፕ ጌሙን ደጋግሞ ከመጀመሪያ ያስነሳዋል። ፋሚኮም ይህ ቺፕ ስለሌለው እንዲህ አያብለጨልጭም፤ ግራጫ ስክሪን ወይም የተበጣጠሰ ምስል ብቻ ያሳያል።

የኔሱ ባለ 72 ጥርስ መቀበያ ከቦርዱ ላይ ያለ ሶልደር ተንሸራቶ ይወጣል። ብሎኖቹን ፈታችሁ፣ የብረት መከለያውንና የካሴት ትሪውን አንስታችሁ ወደ ኋላ ሳቡት። የሚፈላ ውሃ ውስጥ ጨምራችሁ ለአሥር ደቂቃ ያህል ቀቅሉት፣ ውሃ ውስጥ እንዳለ ንጹሕ ካሴት ወይም ካርቶን ብዙ ጊዜ አስገብታችሁ አውጡ (እጃችሁን ሳይሆን መቆንጠጫ ተጠቀሙ)፣ ከዚያ አራግፋችሁ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን አድርቁት። የቦርዱንም ጥርስ በአልኮል አጽዱ፤ ይህንን ብዙ ሰው ይረሳል። ርካሽ አዲስ መቀበያ ከመግዛት ይህ ይሻላል ብለን እናምናለን። አዲሶቹ ብዙ ጊዜ ካሴቱን በጣም አጥብቀው ስለሚይዙ ለማውጣት ጉልበት ይጠይቃሉ፣ ወርቁንም ይፍቃሉ። የድሮው መቀበያ የተሠራበት ብረት ጥሩ ነው፤ የሚጎድለው ንጽሕና ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ለኔንቲንዶ 64 ባለቤቶች፦ ፊት ለፊት ባለው ክዳን ሥር የሚቀመጠው ትንሽ ካርድ ከሌለ ወይም ከላላ ማሽኑ ይበራል እንጂ ምስል አይሰጥም። ከምንም ጥገና በፊት ክዳኑን ከፍታችሁ ጫን አድርጉት።

ጌሙን ያስቀመጠው ባትሪ

የጨረሳችሁትን በሚያስታውሱ ብዙ ካሴቶች ውስጥ 3 ቮልት የሆነ ክብ ባትሪ አለ። በኔስ፣ በሱፐር ኔንቲንዶና በሜጋ ድራይቭ ካሴቶች ብዙውን ጊዜ ሲአር 2032 ነው፤ በጌም ቦይ ሲአር 2025 ወይም ሲአር 1616 ይገኛል። ባትሪው ላይ የተጻፈውን አንብባችሁ ያንኑ ግዙ። በካሴቱ ውስጥ እንዳለ ለክታችሁ 3 ቮልት ገደማ ካላችሁ ተዉት፤ ከ2.5 በታች ከወረደ ዕድሜው አልቋል። ውስጣቸው ሰዓት የሚቆጥር ካሴቶች ማሽኑ ጠፍቶም ባትሪ ስለሚበሉ ከሌሎቹ ቀድመው ይሞታሉ።

ባትሪው ሲነቀል የተቀመጠው ሁሉ ይጠፋል። ከልጅነት የቀረ ሴቭ ካለበት በመጀመሪያ ካሴት አንባቢ በሚባል መሣሪያ ወደ ኮምፒውተር ቅዱት፣ ባትሪው ሲቀየር ትመልሱታላችሁ። ይህን ደረጃ ዝለሉ ብሎ የሚመክር ቴክኒሻን ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

አዲሱ ባትሪ ከፋብሪካው የብረት ጆሮ የተበየደለት መሆን አለበት። እርቃኑን ባትሪ ላይ ሶልደር መያዝ ሊያፈነዳው ይችላል፤ በፕላስተር ማሰር ደግሞ ለጥቂት ወር ሠርቶ ካሴቱ ሲነካ ሴቩን ያጠፋል። ቦርዱ ላይ የትኛው ቀዳዳ ፖዘቲቭ እንደሆነ ፎቶ አንሱ፣ ሶልደሩን ወደ 350 ዲግሪ አሙቁ፣ እያንዳንዱን እግር ከሦስት ሰከንድ በላይ ሳትይዙ አንሱና አዲሱን በዚያው አቅጣጫ ተክሉ።

የሳተርን ባትሪ ከኋላ ክዳኑ ሥር ያለ ሲአር 2032 ነው፣ ያለ መሣሪያ ይቀየራል። የድሪምካስት ግን ቻርጅ የሚደረግ ኤምኤል 2032 ነው። መጠናቸው አንድ ስለሆነ ሰዎች ሲአሩን ይተኩበታል፤ ማሽኑ ቻርጅ ሊያደርገው ሲሞክር ግን ቻርጅ የማይደረገው ባትሪ ያብጣል ወይም ያፈሳል።

የዲስክ ማሽኖች

ዲስኩን ከመሃል ወደ ጠርዝ በቀጥታ ጥረጉ፣ በክብ አትዙሩ። በክብ የሄደ ጭረት የመረጃውን መስመር ተከትሎ ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ያጠፋል፤ ተሻግሮ የሄደውን ግን ማሽኑ ራሱ ያርመዋል። ሲዲ ላይ ደግሞ ከሥሩ ይልቅ ጽሑፍ ያለበት ፊት ነው የሚያሳስበው። መረጃው ያለው ከቀለሙ ሥር ስለሆነ እዚያ የተፋቀ ዲስክ በመወልወል አይድንም። ብርሃን ላይ ይዛችሁ እዩ፤ በቀዳዳ ብርሃን ካሳለፈ ገንዘብ አታውጡበት።

ሌንሱን ለማጽዳት ክዳኑን ከፍታችሁ በጆሮ ጥጥ ላይ አንድ ጠብታ 99 በመቶ አልኮል አድርጋችሁ ሳትጫኑ ጥረጉ፣ በደረቅ ጥጥ ጨርሱ። አሴቶን ፕላስቲኩን ያደበዝዘዋል። ከዚያ ሌንሱ የሚንሸራተትባቸውን ሐዲዶች ተመልከቱ። የድሮው ግሪዝ ደርቆ እንደ ማስቲካ ከሆነ አጽዱትና ስስ ነጭ ሊቲየም ግሪዝ ቀቡ፤ የሩዝ ፍሬ የምታህል ይበቃል። ጌሙ መጀመሪያው ላይ ሠርቶ መሃል ላይ የሚቆም ከሆነ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ሐዲዱ ጋ ነው፣ ሌንሱ ወደ ዲስኩ ጠርዝ መሄድ አቅቶታል።

በ1994 መጨረሻ በጃፓን የወጣው የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን፣ በተለይ 1000 ቁጥር ያለው፣ ቪዲዮው ላይ መንተባተብ ይወዳል። ሌንሱን የተሸከመው ፕላስቲክ ነው፣ የተቀመጠውም ሙቀት ከሚያወጣው የመብራት ቦርድ አጠገብ ነው። ፕላስቲኩ ተበልቶ ሌንሱ ያዘነብላል። ሰዎች ማሽኑን ገልብጠው ይጫወቱ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሲገለበጥ የተበላው ወገን ሳይሆን ሌላው ክብደቱን ይሸከማል። ለጊዜው ይረዳል፣ ሌንሱን ከነሐዲዱ መቀየር ግን ይሻላል።

ፕሌይስቴሽን 2 ላይ ደግሞ የዲስኩ ቀለም ይመራችኋል። ሥሩ ሰማያዊ የሆነ ጌም ሲዲ ነው፣ ብርማው ዲቪዲ ነው። ማሽኑ ለሁለቱ የተለያየ ብርሃን ይጠቀማል፤ አንዱን አንብቦ ሌላውን እምቢ ካለ የዚያኛው ብርሃን ደክሟል ማለት ነው። ቆሻሻ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ይቸገሩ ነበር። ሌንሱ ሥር ያለችውን ትንሽ የብርሃን ማስተካከያ ብሎን ማዞር የመጨረሻው አማራጭ ነው። ከመንካታችሁ በፊት የነበረችበትን ቦታ ምልክት አድርጉ ወይም ኦሟን ለኩና ጻፉ፣ ከዚያ የምታዞሩት ለዓይን በማይታወቅ መጠን ይሁን። ብርሃኑን ከፍ ማድረግ የቀረውን ዕድሜ በፍጥነት መብላት ስለሆነ፣ ሌንስ በገበያ እስካለ ድረስ አንመክረውም።

የፕሌይስቴሽን 1 ሜሞሪ ካርድ 128 ኪሎባይት ነው፣ 15 ቦታ አለው። እነዚህ ሴቮች በፕሌይስቴሽን 2 ሜኑ በኩል ወደ 8 ሜጋባይቱ ካርድ ይገለበጣሉ፤ ለማስቀመጫ ጥሩ ነው። ጌሙ ግን ከዚያ አያነባቸውም፣ ለመጫወት ወደ አሮጌው ካርድ መመለስ አለባቸው።

ጆይስቲኩ

አንድ ቁልፍ ካልሠራ ጆይስቲኩን ፍቱና ከላስቲኩ ሥር ያለውን ጥቁር የካርቦን ነጥብና ቦርዱ ላይ ያለውን ተመሳሳይ ቦታ በአልኮል ጥረጉ። አትፋቁት፤ መብራት የሚያስተላልፈው ካርቦኑ ራሱ ነው። ሁሉም ቁልፎች አንድ ላይ የሚጠፉና የሚመለሱ ከሆነ ገመዱን ከጆይስቲኩ መውጫ ላይ አጥፋችሁ ሞክሩ፤ ሽቦው እዚያ ተበጥሷል። የኔንቲንዶ 64 ዱላ የሚላላው ፕላስቲኩ እርስ በርስ ተፋጭቶ ዱቄት ስለሚሆን ነው፤ ማጽዳት አይመልሰውም፣ የውስጥ ክፍሉን መለወጥ ያስፈልጋል።

ቴሌቪዥኑ

የልጅነት ጌሙን ፍላት ስክሪን ላይ የከፈተ ሰው ሁሉ «እጄ ዘገየ» ይላል። ብዙ ጊዜ የዘገየው ቴሌቪዥኑ ነው። የድሮው ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን ምልክቱ እንደ ደረሰው ወዲያው ይስለዋል። ፍላት ስክሪን ግን ተቀብሎ፣ አስፍቶ፣ አጥርቶ ነው የሚያሳየው። አንድ ፍሬም፣ ማለትም በሰከንድ 60 ጊዜ ከሚሳለው ምስል አንዱ፣ 16.7 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ ጌም ሞድ ያልበራ ቴሌቪዥን ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሰከንድ ሊዘገይ ይችላል፣ ይህም ከሦስት እስከ ስድስት ፍሬም ነው። ቁልፉን ተጭናችሁ ገጸ ባሕሪው ጉድጓድ ውስጥ ከወደቀ በኋላ ይዘላል። የመጀመሪያው ሥራችሁ በቴሌቪዥኑ ሜኑ ውስጥ ጌም ሞድን ማብራትና ምስል የሚያሳምሩትን ማስተካከያዎች በሙሉ ማጥፋት ነው።

ሁለተኛው ችግር ምስሉ ነው። እነዚህ ማሽኖች የሚልኩት በአብዛኛው 240 መስመር ነው፣ ብዙ ፍላት ስክሪን ግን ይህንን 480 መስመር እንደሆነ ይገምትና ሁለት ፍሬም ያደባልቃል። የሚያብለጨልጭ ገጸ ባሕሪ በሙሉ ይጠፋል፣ የቆመ ምስል ይንቀጠቀጣል። ቢጫውን ገመድ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይሩ ርካሽ ሳጥኖችም ያንኑ ስህተት ይደግማሉ፣ ከላዩ መዘግየት ይጨምራሉ። ለድሮ ጌም ታስበው የተሠሩት እንደ ሬትሮቲንክና ኦኤስኤስሲ ያሉት 240ውን እንደ 240 ያነባሉ። ዋጋቸው ከፍ ይላል፤ ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ ግን ከአዲስ ጆይስቲክም ከአዲስ ጌምም እዚህ ላይ ቢውል እንመርጣለን። ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን ማግኘት ከቻላችሁ ደግሞ ሁሉንም በአንዴ ይፈታል።

የገመድ ነገር፦ ሱፐር ኔንቲንዶ፣ ኔንቲንዶ 64ና ጌምኪዩብ አንድ ዓይነት የቢጫ፣ ቀይ፣ ነጭ ገመድ ይጋራሉ፤ ፕሌይስቴሽን 1፣ 2 እና 3ም እንዲሁ። አዲሱ ቴሌቪዥን ቢጫ ቀዳዳ ከሌለው አረንጓዴው ብዙ ጊዜ ቢጫውንም ይቀበላል፤ ዙሪያው ቢጫ ወይም ከሥሩ ቪዲዮ የሚል ጽሑፍ ካለው ሰክታችሁ ምንጩን ኤቪ ላይ አድርጉ። በአንቴና ብቻ ለሚሠራ ማሽን ቻናሉን መፈለግ ግድ ነው። የአሜሪካው በቻናል 3 ወይም 4 ይወጣል፣ የአውሮፓው ዩኤችኤፍ 36 አካባቢ። የጃፓኑ ፋሚኮም በጃፓን ቻናል 1 ወይም 2 ይወጣል፤ ያ በሌላው ዓለም የኤፍኤም ሬዲዮ ክልል ስለሆነ ብዙ ቴሌቪዥኖች ፈልገው አያገኙትም። ለእሱ ኤቪ መውጫ ማሠራት ነው መፍትሔው።

ፍጥነቱም ሊያደናግራችሁ ይችላል። የፓል ማሽን፣ ማለትም እንደ አውሮፓው ያለው፣ በሰከንድ 50፣ የጃፓንና የአሜሪካው 60 ጊዜ ምስል ይስላል። ብዙ ጌሞች ለ60 ተሠርተው ሳይስተካከሉ በፓል ስለወጡ 17 በመቶ ያህል ይዘገያሉ፣ ሙዚቃቸውም አብሮ ይዘገያል። በ50 ያደገ ሰው ያንኑ ጌም በ60 ሲከፍተው ሙዚቃው የሚሮጥ ይመስለዋል። ማሽኑ አልተበላሸም፤ ጆሮው የለመደው ሌላውን ነው። የምትናፍቁት የራሳችሁን ፍጥነት ከሆነ የዚያን ክልል ማሽንና ካሴት ፈልጉ።

የቴሌቪዥን ሽጉጡ በፍላት ስክሪን አይሠራም፣ ሽጉጡን ማስጠገን ዋጋ የለውም። የኔሱ ሽጉጥ ቀስቅሴው ሲሳብ ስክሪኑ ጠቁሮ ኢላማው ነጭ የሚሆንባትን አንዲት ቅጽበት በትክክለኛው ሰዓት ማየት አለበት። ፍላት ስክሪን ብርሃኑን አዘግይቶ ስለሚሰጥ ሁሌም እንደሳታችሁ ይቆጥራል።

ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን ግን አትክፈቱ። ቱቦው ከ20 ሺህ ቮልት በላይ ይይዛል፣ ከሶኬት ተነቅሎም ሊቆይበት ይችላል። ጥገናውን ለለመደው ሰው ስጡት። ቀለሙ ጥግ ላይ ከተዥጎረጎረ አጠገቡ ያለውን ስፒከር አርቁ፣ አጥፍታችሁ ለግማሽ ሰዓት አቆዩና መልሳችሁ አብሩ፤ ሲበራ ራሱን ከማግኔት ያጸዳል።

ቢጫ ስለሆነው ፕላስቲክና ስለ ማስቀመጫው

ፕላስቲኩ የሚወይበው እሳት እንዳይዘው የተጨመረበት ብሮሚን ያለበት ንጥረ ነገር በብርሃንና በሙቀት ስለሚለወጥ ነው ይባላል። 12 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያለበት የፀጉር ክሬም ቀብቶ በፕላስቲክ ጠቅልሎ ፀሐይ ላይ ማዋል ያነጣዋል፤ ቦርዱ ወጥቶ፣ ጽሑፉ ተሸፍኖ፣ ክሬሙ በየሰዓቱ እየተዳረሰ። ካልተዳረሰ ዝንጉርጉር ሆኖ ይቀራል፣ ያ ደግሞ አይመለስም። ከጥቂት ዓመት በኋላም መልሶ ሊወይብ ይችላል። ለእኛ የወየበው መልኩ ያረጀበት እንጂ ጉድለት አይደለም፤ ሳይነካ ቢቀር እንመርጣለን።

ስታስቀምጡት ባትሪዎቹን ከጌም ቦይና ከሌሎቹ አውጡ፣ ገመዱን ማሽኑ ላይ ጠበቅ አድርጋችሁ አትጠምጥሙ፣ ካሴቱን በመቀበያው ውስጥ አትተዉ። ካሴቶቹን ጥርሳቸው ወደ ታች ሆኖ በሽፋናቸው ውስጥ፣ ዲስኮቹን በየቤታቸው አቁማችሁ ደረቅና ጥላ ቦታ አድርጉ። አዳፕተሮቹ ላይ የማሽናቸውን ስም በወረቀት ለጥፉ። በዓመት አንድ ጊዜ አውጥታችሁ ለአንድ ሰዓት አጫውቱ፤ ካፓሲተሮቹም ሐዲዶቹም ከመቀመጥ ይልቅ መሥራት ይስማማቸዋል።